ጫማ ያደረገ ፊደል

እትዬ ሐሊማ ስታርፍ እኔ ባሕር ዳር ወረቀት ልገዛ ሄጄ ነበር። ስልኩ በጠዋት ደረሰኝ፤ መኪና አግኝቼ ጎንደር እስክገባ ግን ቀብሩ አልቋል። ሙስሊም ቀብሩን አያቆይም። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ፒያሳ ወደ ማተሚያ ቤታችን ሄድኩ። ሐዘን ቤት መሄድ ሲገባኝ ለምን ወደ ሥራ ቦታ እንደሄድኩ እስካሁን አላውቅም። በሩ ላይ «በሐዘን ምክንያት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጎረቤታችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት በቅንነት አትሞ የለጠፈው ነው። ፊደሉ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ የተላጨ፣ ለሞባይል ካርድ ማስታወቂያ የሚሆን ዓይነት ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም፣ ንዴት ነው። ገንጥዬ ጣልኩት፤ በሩን ከፈትኩ፤ ኮምፒውተሩን አበራሁና ያንኑ ዐረፍተ ነገር እሷ በሳለችው ፊደል ጽፌ አትሜ መልሼ ለጠፍኩት። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሴትዮዋን ለማያውቃት ይህ የእብድ ሥራ ሊመስል ይችላል። የሚያውቋት ግን ወረቀቱን ሳልቀይር ብተወው ኖሮ ከመቃብር ተነሥታ ትመጣ እንደነበር ይነግሯችኋል።

አትቀመጥም ነበር። ሻይ ቆማ ትጠጣለች፣ ስልክ እየተራመደች ታወራለች፣ ባጃጅ ሳይቆም ትወርዳለች። ወንበሯ ላይ የሚቀመጠው ወረቀት ነው። ከእሷ ጋር ስሠራ እኔም መቀመጥ ረሳሁ፤ ማታ ቤት ስገባ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስል ባለቤቴ «ምነው፣ ሴትዮዋ ተጋባችብህ እንዴ? እረፍ እንጂ!» ትለኝ ነበር። በዕድሜ እናቴ ለመሆን ምንም አይቀራትም፤ «አንቱ» ስላት ግን ትቆጣለች። «አንቱ የሚባል ሰው ተረጋግቶ ይቀመጣል፤ እኔ ጊዜ የለኝም» ብላ ከለከለችኝ። በዚሁ «እትዬ» እና «አንቺ» ሆነን ቀረን።

ቤተሰቦቿ ከጥንት ጀምሮ ጨርቅና ቡና የሚነግዱ የጎንደር ሰዎች ናቸው። አባቷ ብቻ ከወንድሞቻቸው ተለይተው ማተሚያ ቤት ገቡ፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጽ የሚደረድሩ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ሐሊማ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ሀ ሁ የቆጠረችው በአባቷ መደርደሪያ ሥር ቆማ ነው፤ ያውም በግልባጩ፣ የእርሳስ ፊደል ፊቱ የተገለበጠ ስለሆነ። ይኼ ልማድ እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም። አንድ ገጽ ሠርቼ ስሰጣት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ በጀርባው ታየዋለች። «ከፊት ለፊት ካየኸው ማንበብ ትጀምርና ስሕተቱ ያመልጥሃል» ትላለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አየሩን ቆንጥጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ ስታይ ደንበኛ ሁሉ ሥራውን ትቶ እሷን ያያል።

የእርሳሱ ዘመን ሲያልፍ ፊደሎቹ ተጭነው ሄዱ፤ ቀልጠው ምን እንደሆኑ አላህ ይወቅ። እሷ በአባቷ እጅ ከተደረደሩት መጻሕፍት ንጹሕ ንጹሑን ገጽ ሰብስባ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንደገና መሳል ጀመረች። የእኛ ፊደል ደግሞ እንደ ፈረንጁ በጣት ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም፤ ከሁለት መቶ በላይ ነው፤ ቁጥሩና ነጥቡ ሳይጨመር። ስም አውጪለት ስላት «አባባ ነው» አለች። እንዲህም ሆነ። «ዛሬ አባባ ወገቡ ተጣሟል» ስትል የሰሙ ደንበኞች «እግዜር ይማራቸው» ይላሉ፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

«ጫማ» የምትለው ነገርም ነበራት። በድሮው ጽሕፈት ብዕሩ ሲያርፍና ሲነሣ በእያንዳንዱ ቋሚ ጫፍ ላይ ትንሽ ጠርዝ ይተዋል፤ የ‹ለ› እግሮች ሥር፣ የ‹ሰ› ትከሻ ላይ። ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። ያቺን ትንሽ ጠርዝ ነው ጫማ የምትላት። ባንኩም ስልክ መሸጫውም አሁን የሚጽፍበት አዲሱ ፊደል ለእሷ «ባዶ እግሩን» ነው። ፒያሳን አብረን ስንሻገር ጮክ ብላ እያንዳንዱን ታፔላ ትገመግማለች፤ «ይኼንን እየው፣ ድሃ! እግሩን ብርድ መታው!» ትላለች። ባለ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። እኔ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ግን ይኼን የምትወደውን ፊደል ለታፔላ አትሰጥም። አንድ የካፌ ባለቤት ልክ እሱኑ ፈልጎ መጣ።

«ያንን የድሮውን ፊደል፣ በትልቁ፣ ለታፔላዬ» አላት።

«አባባ ጣሪያ ላይ አይወጣም» አለችው።

ሰውየው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «ፊደሉን ነው» አልኩት።

«ይኼ፣ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ገጽ እየገለጠ፣ ብዙ ሰዓት የሚያነበው ነው» አለችው ሐሊማ። «አንተ የምትፈልገው ከመንገድ ማዶ የሚጮኽ ነው። ና፣ የሚጮኽ እሰጥሃለሁ።»

ደልደል ያለ ሌላ ፊደል ሰጠችው። ታፔላው ሲሰቀል ታይ ዘንድ መንገዱን ወዲህና ወዲያ ስትሻገር ሹፌሮች ሰደቧት። የሰርግ ካርድም አባባን አያገኝም፤ «አባባ አይጨፍርም» ትላለች። የትምህርት ቤት ፈተና፣ የእድር ደንብ፣ የሟች የሕይወት ታሪክ ግን ሳትጠየቅ በእሱ ትሠራለች። ቀስ ብሎ መነበብ ያለበት ሁሉ የእሱ ነው።

መልአክ ነበረች እንዳትሉኝ። የሰው ሥራ ታዘገያለች። የታተመ አስቁማ ታስጥላለች። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ «ከዚህ በኋላ አልመለስም» ብዬ ወጥቼ፣ በነጋታው «የት ጠፋህ? ና፣ የ‹ጠ›ን ጎን እየው» ስትለኝ ምንም እንዳልተፈጠረ ገብቻለሁ።

እንዲህ ስንናከስ ነው ዲያቆን ሙሉቀን የመጣው። ከጎንደር በስተሰሜን ካለች ገጠር፣ ከድብ ባሕር ነው። ነጠላውን አጣፍቶ፣ በፌስታል የያዘውን የደብተር ክምር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የኔታን ልናሳትም ነው የመጣን» አለ።

የኔታ ክንፈ የቅኔ መምህር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ዘርፈዋል፤ አንዱንም በእጃቸው አልጻፉም። ተማሪዎቻቸው እየሰሙ በየደብተራቸው ቀድተዋል። አሁን ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ተማሪዎቹ መጽሐፍ እናድርገው ሲሉ የኔታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ በገዛ ዓይናቸው አንብበው «የእኔ ነው» ሳይሉ አንድም ቅኔ አይወጣም።

«እናንተ ብታነቡላቸውስ?» አልኩት።

«እምቢ አሉ። ‹ስሰማው ሁሉም ሸጋ ይመስለኛል። ሳየው ነው ጉድለቱ የሚወጣ› ይላሉ። ደግሞ ግማሹን እኛ አበላሽተን ጽፈነው ይሆናል፤ እውነታቸውን ነው።»

ሐሊማ ደብተሩን ትታ ስለ ዓይናቸው ጠየቀችው። መልሱ አላረካትም። በሳምንቱ የኔታን ጎንደር አስመጥታ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ በትሕትና ቁርጡን ነገረን፦ የዓይን ግፊት ነው፣ ነርቩን በልቶታል፣ ጠብታው የቀረችውን ብርሃን ትንሽ ያቆያት እንደሆነ እንጂ የጠፋው አይመለስም። ከዓመት በኋላ ለማንበብ የሚሆን ብርሃን ይቀራቸዋል ብሎ ማለት እንደማይችልም ነገረን። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሙና «መልካም። ጠብታውንም እወስዳለሁ፣ ጠበሉንም እጠመቃለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ሐሊማ ዞረው «አንቺ ደግሞ ቶሎ በይ» አሏት።

ለእሷ «ቶሎ በይ» ማለት ለእሳት ጭድ መጨመር ነው።

ናሙና አትመን ድብ ባሕር ወጣን። አዲሱን ባዶ እግር ፊደል በትልቁም በትንሹም አሳየቻቸው። የኔታ ወረቀቱን ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠግተው «እነዚህን ሁሉ አንዲት እናት ነው የወለደቻቸው፤ ማን ማን እንደሆነ አልለየሁም» አሉ። አባባን በትልቁ ስትሰጣቸው ግን ቃሉን አወጡት፤ ወፍራሙ ቋሚና ጫማው ለደከመ ዓይን መያዣ ሆኑ። ሐሊማ እጇን አጨበጨበች። ወዲያው ግን የኔታ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው? ይኼ የእኔ አይደለም» አሉ።

«እንዴት የኔታ?» አለ ዲያቆኑ።

«ሁለት ቤት የነበረውን አራት አደረጋችሁት! ማን ነው የሰበረው?»

የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ የቅኔ አንድ ቤት አንድ መስመር ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ይባላል። እኛ ፊደሉን ስናተልቀው መስመሩ ገጹን አልፎ ግማሹ ወደ ታች ታጥፏል። የኔታ እጥፋቱ ላይ እንደ ቤት ማብቂያ ቆሙ፤ ቅኔው ፈረሰባቸው። ወረቀቱን ወደ እኛ ገፉት።

«ገጹን በሰፊው እናድርገዋ!» አልኩ እኔ።

አይሆንም። የኔታ ከመምህራቸው የወረሱት የቆዳ ማኅደር አለ፤ መጽሐፍ ከቶ በትከሻ የሚንጠለጠል። ቅኔያቸው እዚያ ውስጥ የማይገባ ከሆነ ለማን ነው የሚሆነው አሉ። ሌላ ማኅደር ይሰፋ ብዬ ልናገር ስል ሐሊማ በክርኗ ጎሸመችኝ። ገጹ በማኅደሩ ልክ፣ መስመሩ ሳይታጠፍ፣ ፊደሉ ለጠፋ ዓይን እስኪበቃ ትልቅ። ሦስቱ አንድ ላይ አይሆኑም ብዬ ማልኩላት። እሷ ማኅደሩን በስንዝሯ እየለካች ነበር።

እንዲህ ተጀመረ። ፊደሉን ሳታሳንስ ማጥበብ ነበረባት። አጠበበችው፤ የ‹መ› ሆድ ተዘጋ። መልሳ ከፈተችው፤ መስመሩ ታጠፈ። ቋሚውን አቀጠነችው፤ የኔታ የሚይዙት ነገር ጠፋ። «ነጩን አትዝጋበት!» ትለኛለች እኔ ስሞክር፤ «የሚያነቡት ጥቁሩን እንዳይመስልህ፣ በመካከሉ ያለውን ነጭ ነው።» መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ያለችበትን ትታ እየሮጠች ትመጣለች። ኔትወርክ ይቋረጣል። መንገዱ ተዘጋ ይባላል፣ ተከፈተ ይባላል። ሙሉቀን አልፎ አልፎ ስልክ ሲያገኝ ይደውላል፤ በደወለ ቁጥር አንድ ነገር ከየኔታ ዓይን ጎድሏል። መጀመሪያ የበር ጉበን መታቸው። ቀጥሎ ተማሪዎቻቸውን በድምፅ መለየት ጀመሩ።

«ስንት ቀራቸው?» ትለዋለች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ማተሚያ ቤቱን እየዞረች።

«እኔ ምኑን አውቄው እትዬ። ጠበል ገብተዋል፣ እዚያው ሰንብተዋል።»

«ጠብታውን ይዘው ነው የገቡት?»

«ይዘዋል።»

ስልኩን ዘግታ እኔን ትጮህብኛለች፣ እኔም መልሼ እጮሃለሁ። ያን ጊዜ በሰላም ያደርንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሥራዋን ያየ ሰው ልትሞት የተቃረበችው እሷ ናት ይል ነበር፤ ለካ ያም ውሸት አልነበረም፤ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ መድኃኒት እንደምትወስድ ያወቅሁት ከሞተች በኋላ ነው።

መንገዱ ተከፈተ የተባለ ቀን ጠዋት፣ አዲሱን ናሙና ይዘን ሚኒባስ ላይ ወጣን። «አያ፣ እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ብላ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ተሸጎጠች። ወለቃን ስናልፍ ጀምሮ ሹፌሩን «ንዳው እንጂ!» ማለት ያዘች። ሹፌሩ በመጨረሻ «እናቴ፣ ከቸኮሉ ይውረዱና ይግፉት» አላት፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም።

የኔታ ከጠበል የወጡት በዚያው ሳምንት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተማሪዎቻቸው ከብበዋቸዋል፤ ጠበል ቀድተው የሚመለሱ ሴቶችም ቆመዋል። ሐሊማ ናሙናውን በእጃቸው ሰጠቻቸውና ወደ እኔ ፈቀቅ አለች።

የኔታ ወረቀቱን ወደ ግራ ዓይናቸው አመጡ። ከዚያ አንዱን ቤት ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ አሉት። ሁለተኛውን ደገሙ። ገለጡ። ሦስተኛው ቅኔ ላይ ቆም ሲሉ መስመሩ እንደገና ታጠፈ ብዬ ሰጋሁ፤ እሳቸው ግን «ይኼን እኔ እንዲህ አላልኩም፤ ሙሉቀን፣ አበላሽተኸዋል» አሉ። ገለጡ። በሌላው ደግሞ «ይኼ የእኔ ነው፣ ግን ደካማ ነው፣ ይውጣ» አሉ። ተማሪዎቹ እርስ በእርሳቸው ተያዩ። መምህራቸው እያነበቡ ነው፤ እያረሙ ነው።

በድንገት የኔታ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና አሉ።

«ልጆቼ፣ ጠበሉ ሠራ» አሉ። «ዓይኔ ተመለሰ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ተማሪዎቹ መሬት ሳሙ። ሙሉቀን እያለቀሰ የመምህሩን ጉልበት ያዘ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ሐሊማ ክንዴን በጥፍሯ ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ለቀናት አልጠፋም።

«ያንን የድሮውን የጸሎት መጽሐፌን አምጡልኝ፤ በእሱ አመሰግናለሁ» አሉ የኔታ።

አንዱ ተማሪ ሮጠ። ያኔ የሐሊማን ፊት አየሁ፤ ደም የሚባል የለበትም። ሌላ መጽሐፍ ሲይዙ ሁሉም ነገር ይታወቃል፤ የኔታ ዓይናቸው እንዳልዳነ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያውቁታል። መጽሐፉ መጣ። ገለጡት። አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። እልልታው ቆመ።

የኔታ መጽሐፉን ከደኑት።

«ይኼማ ጽሕፈቱ ነው የማይረባ» አሉ በብስጭት። «ድሮም አልወደውም ነበር።» የእኛን ወረቀት አንሥተው ካቆሙበት ቀጠሉ።

ሐሊማ ወደ ቅጥሩ ድንጋይ ዞራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከኋላ አይለይም ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አላስቻለኝም። «ለምን አስቆምሽኝ? ያን ሁሉ ጊዜ የለፋሽው አንቺ ነሽ!»

«ምን ልትላቸው ነበር? ‹የኔታ አልዳኑም፣ ፊደሉ ነው› ልትል?»

«እውነቱን ነዋ።»

«የኔታ ዛሬ ያዩት ቅኔያቸውን ነው። ፊደሌን ቢያዩ ኖሮ ወድቄ ነበር።» ቀጥሎ ያለፍነውን ታፔላ ሳትገመግም አሳለፈችው። «ትንሽ ግን ከፍቶኛል፣ አልዋሽህም። እጅሽ ይባረክ ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።» ወዲያው ደግሞ ቦርሳዋን ከፍታ ናሙናውን አወጣች። «ይልቅ የ‹ጨ›ን ጫማ እየው፤ ወፍሯል።»

መጽሐፉ ታተመ፤ ማኅደሩም ውስጥ ገባ። የኔታ የግራ ዓይናቸው ብርሃን እስኪያልቅ አነበቡት፤ ሲያልቅም ተማሪዎቻቸው ተቀብለው እያነበቡላቸው ነው። የጠበሉ ወሬ ግን በየደብሩ ሄደ። ዓይናቸው የደከመ ካህናት ይመጡና ይጠመቃሉ፤ መዳናቸው የሚፈተነው በየኔታ መጽሐፍ ነው። ብዙዎቹ ያነባሉ። እሷ ይኼን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር፤ ብዙ ብልቃጥ የዓይን ጠብታ ገዝታ ለሙሉቀን የላከችውም ያኔ ነው፤ «ከጠበሉ ጋር ስጧቸው፣ ሐኪምም ይዩ በሏቸው» ብላ።

አሁን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከዳባት ወዲያ የመጡ አንድ ቄስ ባለፈው ገብተው «ያ ጠበል ያለበት መጽሐፍ እዚህ ነው የሚገኘው አሉኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። እዚያው በሩ ላይ ቆመው ገለጡት፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቀስ ብለው አንድ ቤት እስከ መጨረሻው ሄዱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አየሁ!» አሉ። «ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁ! ይኼን ጠበል ያፈለቀውን እግዚአብሔር ነፍሱን ይማረው፣ ገነት ያግባው!»

የሐሊማ ስም ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«አሜን!» አልኩ፤ ቄሱ ደንግጠው ቀና እስኪሉ ድረስ ጮክ ብዬ።